ባቡሩ ጥሎን የሄደባት ጣቢያ

ከጎጃም፣ ከአምበር የተነሳነው ለሽምግልና ነው። ሙሽራው እኔ እንዳልመስላችሁ፤ እኔ የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ልጅ የምንጠይቀው ለታናሽ ወንድሜ ለይኸነው ነበር። የወደዳት ልጅ ገነት እዚያው አምበር አብራው ታስተምራለች። አባቷ አቶ ተፈራ ግን የደብረ ኤልያስ ሰው ሆነው በወጣትነታቸው ባቡር ሥራ ገቡና ከአዋሽ ወዲያ ባለች ትንሽ ጣቢያ ሹም ሆነው ቀሩ። የላክነው ሽማግሌ ወንድሜን ፊደል ያስቆጠሩት የኔታ ጥበቡ ናቸው፤ እኔ ተከታይ ነኝ። ይኸነው ሲሸኘን "እምቢ ካሉ ምን ይውጠኛል?" አለኝ። ከልቡ ነው።

ከአምበር እስከ ለገሃር

የዓባይን በረሃ ወርደን ወጣን፤ አዲስ አበባ አድረን በማለዳ ባቡር ተሳፈርን። በሽንኩርት ጆንያ መሃል ተቀምጠን በሶ በጠበጥን። ቆላው እየጋለ ሲመጣ የኔታን ጋቢዎን ያውልቁ ብላቸው፣ "ሽማግሌ ያለ ጋቢ ምን ይመስላል?" ብለው ይበልጥ ተከናነቡት።

ጣቢያዋ

ቢጫ ቤት፣ የውሃ ታንከር፣ አንድ ግራር፣ ከሥሩ ሻይና የተቀቀለ እንቁላል የምትሸጥ ሴት። ፍየሎች ሐዲዱ መሃል ተኝተዋል። ገና ሳያት ወደድኳት፤ ሙቀቷ ግን አይጣል ነው።

አቶ ተፈራ ቆባቸውን እንዳደረጉ ወንበር ይዘው ወጡ። "የአገሬ ሰዎች፣ አረፍ በሉ እንጂ።"

"እሺ ሳንባል አንቀመጥም" አሉ የኔታ።

በእኛ ዘንድ ሽማግሌ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም። የልጅቱ አባትም በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ ልጁን ያቀለለ ይመስልበታል። አቶ ተፈራም ወጉን አልረሱትም፤ "ዘመድ ላማክርና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ" አሉን። ከጎጃም ተመላልሰን!

የኔታ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ላባቸው በጺማቸው ይወርዳል። እኔ በሆዴ ወንድሜንም ሽምግልናውንም እየረገምኩ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ባቡር መጣና ቆመ።

"የኔታ፣ እንሂድ፤ ሌላ ጊዜ እንመጣለን" አልኳቸው።

"አንተ ሂድ።"

አቶ ተፈራ ባቡር የሚያስነሱበትን አረንጓዴ ጨርቅ ይዘው ቀረቡ። "አባቴ ይሳፈሩ እንጂ፤ ሌላው የሚመጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው።"

"ይሂድ። እኔ ለባቡር አልመጣሁም፤ ለልጄ ነው የመጣሁ።"

አቶ ተፈራ የኔታን አዩ፣ ነጂውን አዩ፤ ከዚያ ጨርቁን አውለበለቡ። ባቡሩ ሄደ። አቧራው ሲበርድ ቆባቸውን አውልቀው ወንበሩን ራሳቸው አስጠጉ።

"በሞቴ ይቀመጡ፣ የኔታ። ገነት ልጅዎ ናት።"

የኔታ ተቀመጡ፤ ኋላ ለመነሳት ሁለት ሰው አስፈለጋቸው። ሁለቱን ቀን ፍየል ታርዶልን፣ አቶ ተፈራ ስለ ደብረ ኤልያስ ገበያ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ ዝናቡ ሲጠይቁን ሰነበትን።

ወደ ቤት

በመንገድ ሁሉ አንድ ነገር ሲከነክነኝ መጣ። የይኸነው የሥጋ ወንድም እኔ ባቡሩ እንዳያመልጠኝ ስጨነቅ፣ የቆሙለት ፊደል ያስቆጠሩት ሰው ናቸው። ዝምድና ማለት ምን እንደሆነ በዚህ ዕድሜዬ እንደ አዲስ ተማርኩ።

ይኸነው አምበር መናኸሪያ ቆሞ አገኘነው። ስንዘገይበት እምቢ ተባልን ብሎ ፊቱ ጠቁሯል። ጎንበስ ብሎ የየኔታን ጉልበት ሊስም ሲል፣ እሳቸው በእጃቸው ያዝ አደረጉት።

"ቀስ ብለህ ሳም፣ ሙሽራው። ላንተ ሲቆም ያበጠ ጉልበት ነው።"