ከብርሃኑ የጎደለው

«ስንት ሚሊዮን ዓመት የኖረ የጠፈር ደመና አንድ ክረምት አይጠብቅሽም?» አልኳት እህቴን።

«ደመናውማ ይጠብቃል። የዩኒቨርሲቲ ቦታዬን ግን ለሌላ ይሰጡታል» አለች፣ ዓይኗን ከላፕቶፑ ሳታነሳ። «አንተስ? እዚህ መካነ ኢየሱስ ከተማ ተቀምጦ ግጥም አይጻፍም? ቃላት የሚበቅሉት ባሕር ዳር ብቻ ነው?»

እናታችን መደቡ ላይ ጋደም ብላ ትሰማናለች። ከፋሲካ ወዲህ ግራ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት ሰው ካልደገፋት አትነሳም። አባታችን ከሞተ ቆይቷል፤ ከሁለታችን አንዳችን መቅረት አለብን። እህቴ ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትጨርስ፣ እኔ ደግሞ ባሕር ዳር መድረክ ላይ ግጥም የሚያነቡ ልጆች «ና» ስላሉኝ፣ ሁለታችንም ነገ በደብረ ታቦር በኩል በሚያልፈው መኪና መሄድ ፈልገናል።

«በሽተኛ ማጠብና ማገላበጥ የሴት ልጅ ሥራ ነው» አልኩ። ይህ እንዴት እንደሚያንገበግባት አውቃለሁ።

«ትምህርቱን አቋርጦ ሲያነብ የሚውል ሰው ሥራ ነው እንጂ። አንድ የምትጠቅምበት ነገር ቢገኝ ልትሸሽ?»

እናታችን ሳቀች። የሚታዘዝላት የአፏ ግማሽ ስለሆነ ሳቋ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

«ወገዳ ገበያ እንደወጣች አሮጌ ላም ጥርሴን ቁጠሩት እንጂ» አለች። «ገዢ ላም ልውሰድ ብሎ ሲጣላ አይቻለሁ። አልወስድም ብሎ ሲጣላ ዛሬ ገና አየሁ።»

እህቴ ወደ ላፕቶፗ ተመለሰች።

«እስኪ ያን የምትሄጅለትን ነገር አሳዪኝ» አለቻት እህቴን።

እህቴ ላፕቶፑን አዞረችላት። ስክሪኑ ላይ እንደ ጋይንት ገደል ድንገት እየወረደ የሚወጣ መስመር አለ። ከሩቅ የሚመጣ ብርሃን፣ አለች፣ መንገዱ ላይ አንድን ጋላክሲ የከበበ የጋዝ ደመና አቋርጦ ያልፋል። ጋዙ በጣም ስስ ስለሆነ ራሱን ማየት ይቸግራል። ነገር ግን ውስጡ ያለው ካርቦን ከብርሃኑ የራሱን ቀለም ይወስዳል፤ ኦክስጅኑ የራሱን፣ ማግኒዥየሙም የራሱን። እኛ ጋ ሲደርስ ብርሃኑ በየቦታው ጎድሏል፤ መስመሩ የሚወርደው እዚያ ላይ ነው። ደመናው ከምን እንደተሠራ የምናውቀው ከጎደለው ነው።

ስታስረዳት ድምጿ ለዘብ አለ። ከመጣች ጀምሮ እናታችንን እንዲህ ስታናግራት አልሰማሁም።

«የወሰዱትን ይመልሱለታል?» አለች እናታችን።

«ለማን?»

«ለብርሃኑ።»

«መልሰው ይለቁታል። ግን በየአቅጣጫው ይበተናል እንጂ ወደ እኛ አይመጣም።»

እናታችን በደህናው እጇ ጣት መስመሩን ተከተለችው። ጥልቁ ጉድጓድ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ይሄ ብዙ የወሰደውስ ማነው?»

«ሃይድሮጅን ነው።»

«እሱ የበኩር ልጅ ይሆናል።»

በኩሯ እህቴ ናት። ሳቄ አመለጠኝ።

«አንተ ደግሞ አትሳቅ። ታናሹም ያው ነው» አለችኝ እናታችን።

ከዚያ መደቡን ተደግፋ ብድግ አለች። ልይዛት ስል እጄን ገፈተረችው። «ሁለታችሁም ሂዱ። ጠዋት እዚህ እንዳላያችሁ።»

ግድግዳውን እየዳበሰች፣ ግራ እግሯን እየጎተተች ወደ ጓዳ አመራች። መሃል ላይ ተንገዳገደችና ቆመች፤ ደግሞ ቀጠለች። ሳትወድቅ በሩ ጋ ስትደርስ ደስ አለኝ። ደስታዬ መሄድ በመቻሌ እንጂ ለእሷ እንዳልነበር ወዲያው ገባኝ። ዞሬ እህቴን አየኋት፤ ዓይኗ የእናታችን እግር ላይ ነው፣ ላፕቶፑን ግን ወደ ቦርሳዋ እየከተተች ነበር።

እናታችን የጓዳውን በር ከውስጥ ዘጋችው።