የጠፋው ብሎን

ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ ነው፤ አቃቂ ፋብሪካ ውስጥ፣ ከሥራ በኋላ በመሠረተ ትምህርት። ስሜን እጽፋለሁ፣ አማርኛ ቀስ ብዬ አነባለሁ። ከዚያ አላለፍኩም። በእጄ ግን ማንም አያማኝም። መንግሥት ተለውጦ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ አውሮፕላን ጥገና ገባሁ፤ በየጠዋቱ ከአቃቂ በሰርቪስ እየተመላለስኩ እዚያው አረጀሁ።

ከፋብሪካ ይዤው የመጣሁት አንድ ክፉ ልማድ ነበረኝ። ብሎን በከንፈሬ እይዛለሁ። አንድ እጅህ ካቻቢቴ ይዞ፣ ሌላው ሽፋን ደግፎ ወደ ላይ ተዘርግቶ ሳለ ብሎኑን የት ታደርገዋለህ? እኛ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንሠራው።

ጡረታዬ ሰባት ወር ሲቀረው፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሙ ገና ሲቆም፣ አውሮፕላን ውስጥ ዋይፋይ ይግባ ተባለ። ሥራው እንዲህ ነው፤ እኔ ኮርኒሱን ከፍቼ ዋይፋይ የሚረጨውን ሳጥን አስራለሁ፣ ኢንጂነሯ ተሳፋሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ በላፕቶፗ ታስተካክለዋለች። ሲያልቅ ኮርኒሱን ዘግቼ ወረቀቱ ላይ ማህተሜን አደርጋለሁ። ማህተም ማለት «ውስጡ ደህና ነው፣ እኔ አለሁበት» ማለት ነው።

አንድ ቀን የመጨረሻውን ሽፋን ልዘጋ አራት ብሎን ነክሻለሁ።

«ጋሼ፣ የኋላው ሳጥን ላፕቶፑ ላይ አይታየኝም። ሰክተውታል?» አለች ከታች።

«ሰክቻለሁ!» አልኳት፣ ጭንቅላቴን ከኮርኒሱ ሳላወጣ፣ ብሎኖቹን እንደነከስኩ።

ሽፋኑን ሳስር ሦስት ብሎን ብቻ አገኘሁ። ወንበር ሥር፣ ምንጣፍ ላይ፣ በባትሪ ፈለግን። ብሎኑ ማግኔት የማይስበው ዓይነት ነው። አለቃችን መጣ፤ የልጄ እኩያ ነው።

«ምን ጠፋ?»

«ብሎን።»

«ስንት?»

«አንድ።»

«ለአንድ ብሎን ነው እንዴ ጋሼ! ሌላ ይግጠሙበትና ማህተምዎን ያድርጉ። አውሮፕላኑ ከሰዓት ይወጣል።»

«የጠፋውስ? ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ የኤሌክትሪክ ገመድ ቢነካ አየር ላይ ጭስ ነው።»

«ከአፍዎ አይደል የጠፋው? ውጠውታል በቃ። ሆድዎ ውስጥ ከሆነ አውሮፕላኑን አይጎዳም።»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ደሜ ፈላ።

«ሁዳዴ ነው እኮ!» አልኩት። «ከትናንት ጀምሮ ውሃ ያልወረደበት ጉሮሮ ብሎን ይውረድበት?»

«ማህተም ካላደረጉ እነጥቅዎታለሁ። ሰባቱን ወር ዕቃ ግምጃ ቤት ይጨርሷታል።»

«ንጠቀኝ። እኔ ግን ያላየሁትን አየሁ አልልም። ይልቅ ራጅ አስነሳኝ።»

ቀልድ መስሎት «ይሂዱ» አለ። እኔ ሄድኩ። የግቢው ክሊኒክ ራጅ አንሺ «ምን ፍለጋ ነው አባቴ?» ቢለኝ «ብሎን» አልኩት፤ ደጋግሞ አየኝ። አነሳኝ። ሆዴ ባዶ ነው። ፊልሙን ይዤ ተመለስኩና በአውሮፕላኑ መስኮት ብርሃን ላይ ዘረጋሁት።

«ይኸው ሆዴ። የታለ ብሎኑ?»

ኢንጂነሯ ላፕቶፗን ከደነች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ መሰላሉ ላይ ወጣች። «ካቻቢቴውን ያቀብሉኝ ጋሼ» አለችኝ። ሽፋኖቹን አንድ በአንድ ከፈትን። ሦስተኛው ላይ አገኘነው፤ ኮርኒሱ ወደ ግድግዳው ስለሚያዘነብል ተንከባሎ፣ ለሳጥኑ መብራት ከሚሰጠው ሶኬት ሁለት ጣት ርቆ ተኝቷል። እንደገና ዘጋን፣ እሷ ሞክራው ሠራ፣ ማህተሜን አደረግኩ። አውሮፕላኑ ሊመሽ ሲል ወጣ።

በማግስቱ አለቃ ቢሮው ጠራኝና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠኝ። ቆሜ አነበብኩት፤ እኔ ፊደል ስለቅም እሱ ሰዓቱን ያያል። ሁለት መስመር ነው። «ብሎን በአፉ ይዞ በመሥራት ጥሏል» ይላል አንዱ። «በረራውን ያለ በቂ ምክንያት አዘግይቷል» ይላል ሁለተኛው።

እስክሪብቶ ተቀብዬ በሁለቱ መስመሮች መካከል፣ ጠበብ ባለው ቦታ፣ ፈረምኩ።

«ፊርማ ከታች ነው!» አለ።

«የላይኛው የኔ ጥፋት ነው፣ ፈርሜያለሁ። የታችኛውን የጻፈው ይፈርምበት።»

ማህተሜን ወሰደ። ሰባቱን ወር ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀምጬ ጨረስኩ። ሰዎች «አንዲት ፊርማ ምን ነበረባት፣ ከክብርዎ ጋር አይወጡም ነበር?» ይሉኛል። ወጥቻለሁ እላቸዋለሁ። ዛሬም ጠርተው ያንን ወረቀት ቢዘረጉልኝ፣ ሁለተኛው መስመር እስካለ ድረስ ከሥሩ አልፈርምም።