ጉማሬ ሆኖ የተሸጠው በግ

ክላይቭ ፔታርድ በኩናምብል ከተማ የከብት ገበያ ጨረታ ሲመራ በምላስ የሚደርስበት አልነበረም። ሊገዛ ያላሰበውን ወይፈን እየነዳ ቤቱ የገባ ገበሬ ብዙ ነው። ባለፈው ክረምት ግን ስትሮክ መታውና አንደበቱ ተያዘ። ሐሳቡ እንዳለ ነው፤ ቃሉ ከጥርሱ ጀርባ ይቀራል።

ሆስፒታል ንግግር የምታለማምደው ሮሺኒ ረጅም ቃል መከፋፈል አስተማረችው። ለእያንዳንዱ ድምፅ ጠረጴዛውን በመዳፍ መታ ማድረግ ነው። የመረጠችለት ቃል «ሂፖፖታመስ» ነበር፤ ጉማሬ መሆኑ ነው። ሂ፣ ፖ፣ ፖ፣ ታ፣ መስ። ቃሉ የተገጣጠመው ፈረስና ወንዝ ከሚሉ ሁለት የጥንት የግሪክ ቃላት እንደሆነም ነገረችው። ክላይቭ ነገሩን አሰበበት።

«ጉማሬ... ሸጬ... አላውቅም» አላት።

«ፈረስስ?»

«ፈረስ... ሸጫለሁ።»

«እንግዲያው ከግማሹ እንጀምር።»

እሱን ያስጨነቀው ግን በግ ነው። በየዓመቱ ለእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች መርጃ አንድ በግ ይሸጣል፤ የገዛው ገንዘቡን ከፍሎ በጉን ይመልሰዋል፣ እንደገና ይሸጣል። በጉ ሲሰለቸው ሰውም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያን በግ የሚሸጠው ሁልጊዜ ክላይቭ ነው። ዘንድሮ ካቃተው ከእንግዲህ የሚጠራው እንደማይኖር ያውቃል፤ ይህን ደግሞ ክፉኛ ፈርቷል። የዕድሜ ልክ ተቀናቃኙ፣ ሌላው አጫራች ዱጋልድ ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ ዘንድሮ ዕረፍ፣ እኔ እሸጥልሃለሁ ብሎት ነበር። ክላይቭ ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። መከራከሩ ጊዜ ይፈጅበታል።

ቀኑ ሲደርስ ከበረቱ በላይ ካለው የአጫራች መቆሚያ ሳንቃ ላይ ወጥቶ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ሰው ሁሉ ጫማ ጫማውን ማየት ጀመረ። ክላይቭ ያኔ የብረቱን አጥር በመዳፉ መምታት ያዘ።

«ሂ፣ ፖ፣ ፖ፣ ታ፣ መስ» አለ፣ ወደ በጉ እያመለከተ።

ማንም አልሳቀም። ዱጋልድ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ በጉን በደንብ አጠናው።

«ዋና ይችላል?»

«አስ... ተምረው።»

«ሃምሳ ዶላር» አለ ዱጋልድ።

ሌሎችም እጃቸውን አነሡ። ክላይቭ እያንዳንዱን ዋጋ አጥሩን እየመታ፣ ከፋፍሎ ጠራ። የቸኮለ ሰው አልነበረም። «ተሸጠ» የምትለዋ ቃል በእንግሊዝኛ አንድ ምት ብቻ ናት። ስትደርስ አጥሩን ሳይመታ አላት።

የገዛው ዱጋልድ ነበር። ገንዘቡን ከፈለና በጉን ወደ በረቱ መለሰው።

«ይኸው፣ ዘንድሮም ያላሰብኩትን አስገዛኸኝ» አለው። «በል፣ እንደገና ሽጠው።»