መስኮቱን የጋረደው ግራናይት

ሰፈርተኛው መዶሻ ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ግራናይት እየቆረጠ የሰው ወጥ ቤት ሲያሳምር፣ የገዛ ሚስቱ ሽንኩርት የምትከትፈው በተጣመመ ጣውላ ላይ ነበር። «የኔ ተራ መቼ ነው?» ስትለው፣ «ደህና ድንጋይ እየጠበቅኩልሽ ነው» ይላታል። ሰበብ ይመስል ነበር፤ ግን የምሩን ነው።

ደህናው ድንጋይ መጣ። ግራጫ ሆኖ ሮዝ መስመር እንደ ጅማት ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድበት፣ ሁለት ሰፋፊ ጠፍጣፋ። አንዱን ጠረጴዛ አደረገው። ሁለተኛውን ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ ሊለጥፈው ሲል ግን መስኮቱ መሃል ላይ ገጠመው። ለመስኮቱ ቦታ ለመተው ጅማቱን መበጠስ የግድ ነው። እጁ እምቢ አለው። ድንጋዩን እንዳለ መስኮቱ ላይ ለጠፈውና አምፖል ጨመረ።

«ብርሃን ከፈለግሽ ይኸውልሽ» አላት።

ሚስቱ ጠረጴዛውን በመዳፏ ዳበስ አደረገችና «እጅህ ይባረክ» እያለች አምፖሉን ቀና ብላ አየች።

ሳምንት ሳይሞላ ሴት ልጃቸው ግራናይት ጨረር አለው የሚል ነገር ከስልኳ ላይ አነበበች። በዚያው ዕለት እናትየው የጋዝ ምድጃዋን ተሸክማ በረንዳ ወጣች።

«አንቺ ሴትዬ፣ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ከግራናይት ጋር ስኖር ምን ሆንኩ?»

«አንተማ ራስህ ድንጋይ ሆነሃል። ምን ያገኝሃል?»

መዶሻ ሳቀ፤ ሆዱ ግን አልሳቀም። ለሷ ብሎ ያቆየውን ድንጋይ ስትሸሸው ማየት አንገበገበው። ነፋሱ በረንዳ ላይ እሳቱን እያጠፋባት እንኳ ንቅንቅ አላለችም። እንዲህ ከቀጠለች አንድ ቀን «ንቀልልኝ» ማለቷ አይቀርም።

ቢቸግረው የእህቱን ልጅ ጠራ። ሆስፒታል ራጅ ክፍል ነው የሚሠራው፤ ቤተሰቡ «ዶክተር» ይለዋል፣ እሱም ማረም ሰልችቶት ትቶታል። የጨረር መለኪያ ይዞ መጣ። ገና ግቢ ውስጥ ሲያበራው ጠቅ፣ ጠቅ ይል ጀመር።

«ተበላሽቷል» አለ መዶሻ።

«አልተበላሸም አጎቴ። ጨረር የሌለበት ቦታ የለም። አፈሩም፣ ጡቡም፣ እኛም ትንሽ ትንሽ አለብን።»

«እሱም ጭምር?» አለች የመዶሻ ሚስት፣ ባሏን በአገጯ እያመለከተች።

«እሱም።»

«ጠርጥሬ ነበር።»

ወጥ ቤት ገቡ። ጠረጴዛው ላይ ጠቅታው ፈጠን ሲል የመዶሻ ፊት ጠቆረ። ዶክተር ቁጥሩን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ትንሽ ነው አክስቴ። ግራናይት በተፈጥሮው ዩራኒየምና ቶሪየም የሚባሉ ጨረር የሚያወጡ ነገሮች በጥቂቱ አሉበት። ይሄኛው ቀኑን ሙሉ ብትከትፊበትም የሚያሰጋሽ አይደለም። ብቻ ከድንጋይም ከመሬትም ሬዶን የሚባል፣ ቤት ውስጥ ሲጠራቀም የሚጎዳ ጋዝ ስለሚወጣ ቤቱ ይናፈስ። መስኮት መክፈት ነው፣ አለቀ።»

ባልና ሚስት ተያዩ። ዶክተር ዙሪያውን ቃኘ።

«መስኮቱ የት አለ?»

«ንገረው እንጂ» አለች ሚስት።

«ከድንጋዩ ጀርባ» አለ መዶሻ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሁሉ።

ዶክተር መለኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። መዶሻ ግን ጅማቱ ላይ አፍጥጦ ቀረ። «ማናፈሻ ብንገጥምስ?» አለ።

«እውነቱን ልንገርህ?» አለች ሚስቱ። «ጨረሩን ያን ያህልም አልፈራሁት። ወጡ እስኪበስል ከጎረቤቴ ጋር የማወራው በዚያ መስኮት ነበር። ስትደፍነው ጉድጓድ የገባሁ መሰለኝ። አንተ ደግሞ እንደ ሙሽራ ደስ ብሎህ፤ ምን ብዬ ልናገር?»

«እና ጨረር ብለሽ በረንዳ ወጣሽ?»

«ወሬው ጥሩ ሰዓት ላይ መጣልኝ።»

መዶሻ ሚስቱን አየ፣ ድንጋዩን አየ። ከዚያ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ።

ጠፍጣፋውን ከዶክተር ጋር ነቅለው ግቢ አወጡት። የመስኮቱን ልክ አሰመረበት፤ መስመሩ ጅማቱን መሃል ለመሃል አቋረጠው። መቁረጫውን ሲያስነሳ ሚስቱ አቧራ እንዳይነሳ ከጎን ውሃ ታፈስለት ጀመር።

«ቀስ በል፣ እንዳይጣመም።»

«ዛሬ ደግሞ አንቺ ልታስተምሪኝ?»

መልሰው ሲለጥፉት ቀኑ እየመሸ ነበር። ሚስቱ መስኮቱን ገፋ አድርጋ ከፈተችው። ጎረቤቷ ማዶ ልብስ እያወረደች ነው።

«ምነው ጠፋሽ አንቺ?» አለች ጎረቤቷ።

«ቆይ፣ ሁሉንም አጫውትሻለሁ።» ወደ ባሏ ዞረች። «አንተ ምን ቆመህ ታዳምጣለህ? ምድጃዬን አምጣልኝ።»

መዶሻ እየሳቀ ወደ በረንዳ ሄደ።