ሳል የገባበት ዘፈን

መጻፍ የሚያምርብኝ ሰው አይደለሁም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ፊደሉን በቅጡ ሳልለይ ብዕር ማንሳቴን ያየ ይስቃል፤ ይሳቅ። የሰፈራችንን ፍራሽ አዳሽ ነገር ግን ሆዴ አልችል አለ።

ሰውዬው ጥጥ ሲደበድብ ነው ዕድሜውን የፈጀው። ከአባቱ የወረሰው መደብደቢያውን ዱላና የድሮ የሥራ ዘፈኖችን ነው። ልጆቹን ላስተምራችሁ ቢላቸው፣ “አባዬ፣ ስልክ ላይ ስንት ዘፈን ሞልቶ!” ብለው ሳቁበት። እሺ ያለችው የእህቱ ልጅ፣ ፀጉር ሠሪዋ ብቻ ናት። እሷ ከቀረች ዘፈኑም አብሮት መቀበሩ ነው።

ልጅቱ ሲዘፍን በስልኳ ቀድታ፣ የደንበኞቿን ፀጉር እየተኮሰች ስታጠና ሰነበተች። አንድ ቀን ከሰዓት መጥታ ከጥጡ ክምር አጠገብ ቆመችና ጀመረች። ድምፅዋ ማር! ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ግን “እህ! እህ!” ብላ ስላ ቀጠለች።

“ኧረ ውሃ ስጧት!” አለ ሰውዬው።

“ደህና ነኝ አጎቴ! ዘፈኑ ላይ አለ እኮ!”

የቀዳችውን ከስልኳ ከፈተችለት። እውነትም አለ። ጥጥ ጉሮሮው ገብቶ የሳለው ሳል ነው።

“አንቺ! የአባቴን ዘፈን ሳንባ በሽታ አስያዝሽው? ደግሞ ስትዘፍኚ እንደኔ ግራ ዓይንሽን መች ጨፈንሽ? ስንቴ ልንገርሽ?”

“አልጨፍንም! ባለፈው ሠርግ ላይ ጨፍኜ፣ አንዱ ሽማግሌ ‘ጠቀስሽኝ’ ብሎ አጠገቤ ተጎለተ!”

“እንግዲያው ይቅርብሽ! ሁለተኛ እንዳትመጪ!”

ልጅቱ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ውልቅ አለች።

ሚስቱ ጥግ ላይ ትራስ ትሰፋ ነበር። ቀና ሳትል፣ “ለመሆኑ አንተ ዓይንህን ለምን ትጨፍናለህ?” አለችው።

“አባቴ እንዲያ ነዋ ያስተማሩኝ!”

“አማቴማ ግራ ዓይናቸውን ያማቸው ነበር! ጠብታውን ስጨምርላቸው የኖርኩት እኔ አይደለሁ? ሲዘፍኑም፣ ሲበሉም፣ ሲቆጡህም ይጨፍኗት ነበር።”

ለካስ ሰውዬው ይህን ሁሉ ዘመን የሰው ሕመም በክብር ተሸክሞ ሲዞር ኖሯል!

“እሷ ብትስል ታዲያ ምን አለበት?” አለች ሚስቱ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

ዱላውን አንስቶ ጥጡን አንዴ መታና፣ “ሳሏስ ቢሆን ምቱን አልሳተም” ብሎ አጉረመረመ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራውን ትቶ ልጅቱን ቀድሞ ፀጉር ቤቷ በር ላይ ተገተረ። ስትመጣ ይቅርታ ማለቱ ከአፉ አልወጣ አለው። “ገና ያላስተማርኩሽ አለ” ብሎ መዝጊያውን አብሯት ከፈተ፤ ወንበር ሳበና እስከዛሬ ለማንም ሳያሰማ የደበቃትን ዘፈን ጀመረላት።