በሬ ይጠብቃል ወይስ ይላላል?

ዛሬ አንድ ተማሪዬ በሬ ሆኖ መጣና ግንባሩን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ።

ለድራማ ክበባችን ልጆች የራሴን ግጥም፣ የማን እንደሆነ ሳልናገር፣ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው። "ከዚህ ተነስታችሁ ቲያትር ፍጠሩ" አልኳቸው።

«ዝናሙም አባራ፣ ጭቃውም ደረቀ፣
የሰው እጅ ሳይነካው በሬ ሰው ናፈቀ።»

የጻፍኩት ስለ ቤቴ በር ነበር። ደብረ ታቦር ተመድቤ ከመጣሁ ወዲህ ከአከራዬ በቀር ማንም አንኳኩቶት አያውቅም።

እነሱ ግን የጉና ገበሬ ልጆች ናቸው፤ አላልተው አነበቡት። ጌታው ስለሞተበት የእርሻ በሬ ቲያትር ሠሩ።

(ጥፋቱ የፊደላችን ነው። የሚጠብቀውንና የሚላላውን አንድ አድርጎ ይጽፋል።)

በሬው እየዞረ ሰዉን ሁሉ ያሸታል፤ ሁሉም "ሂድ ወዲያ" ይሉታል። በመጨረሻ ከተመልካች መሀል እኔን መረጠ።

ላርማቸው አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ግንባሩን አሻሸሁለት።

"ቲቸር፣ እርስዎም በሬ አለዎት እንዴ?" አለችኝ አንዷ ተማሪ፣ አስተሻሸቴን አይታ።

"አለኝ" አልኳት።

እናንተስ፣ ሰው አሳስቶ አንብቧችሁ ልክ የሆነበት ጊዜ አለ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

ደብረ ታቦር ያላችሁ ደግሞ ማንኳኳትም ትችላላችሁ።