ዳዊት ውስጥ የተኛችው ዘፋኝ

መኳንንት ካናዳ፣ ካልጋሪ ላይ ሃያ ዓመት ባስ ነድቶ ጡረታ ሲወጣ፣ የቀረውን ልቡን ለወረቀት ሴቶች ሰጠ። ድሮ ሲጋራ ፓኮ ውስጥ ይገቡ የነበሩ፣ የመድረክ ዘፋኞችና ተዋንያን ፎቶ ያለባቸው ትንንሽ ካርዶች ናቸው። እሱ ራሱ ሲጋራ ነክቶ አያውቅም። እሁድ ከቅዳሴ መልስ የአሮጌ ዕቃ ገበያ እየዞረ ይለቅማቸዋል።

ከሁሉም የምትበልጥበት ዘውድ የደፋች፣ ዐይኗን ወደ ሰማይ የሰቀለች አንዲት ዘፋኝ ነበረች። ስሟ አልተጻፈም። ባያት ቁጥር ያንጎራጉርላታል፦

መቶ ዓመት ሙሉ ፈገግ እንዳልሽ ቀረሽ፣
የትኛው ቀልደኛ ምን ብሎ አሳቀሽ?

አንድ ቀን የካርዷ ጠርዝ ተጠቅልሎ አገኘው። የሚጫናት ከባድ መጽሐፍ ቢፈልግ፣ ፋልከንሪጅ ሰፈር ያለው ቤታቸው ውስጥ ከባለቤቱ ከጥሩወርቅ መዝሙረ ዳዊት የሚወፍር አጣ። «ሁለት ቀን ብቻ» ብሎ ሸጎጣት። በሦስተኛው ቀን ቢገልጥ የለችም። እንዳይጠይቅ፣ ዘፋኝ ዳዊቴ ውስጥ ምን ትሠራለች ብትለው ምን ይመልሳል? ሳምንቱን ሶፋ ሲገለብጥ ከረመ።

«ምን ጠፍቶህ ነው?» አለችው ጥሩወርቅ።

«መነጽሬ።»

«ዐይንህ ላይ ነው።»

ቅዳሜ የነፍስ አባታቸው አባ ገብረመድኅን ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጡ። ጥሩወርቅ የጸሎት ጥጓን መጋረጃ ገለጥ አደረገች። ዘፋኟ በቅዱስ ሚካኤልና በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል መካከል ቆማለች።

«አባ፣ ይቺን ሰማዕት ዳዊቴ ውስጥ ነው ያገኘኋት» አለች ጥሩወርቅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሞርኒንግ ሺፍት አሰጪኝ ብያት ሰኞ ዕለት ሱፐርቫይዘሬ ኮል አድርጋ ሰጠችኝ።»

«ስሟ ማን ይባላል?»

«ገና አልነገረችኝም።»

አባ ጠበሉን ጨለፉ። ያን የሚያህል ዕድሜ ያለው ወረቀት አንድ ጠብታ አይችልም። መኳንንት ቢናገር ጉድ ነው፤ ዝም ቢል እሷ ሟሟች። ዘሎ መሃል ገባ። ጠበሉ ፊቱ ላይ አረፈ።

«እሰይ፣ ለበረከት መሽቀዳደም እንዲህ ነው» ብለው አባ ደገሙት። እንደገና አንገቱን አስገባ። ሊሠልሱት ሲሉ ግን ሸሚዙ በስብሶ፣ ጢሙ እየተንጠባጠበ፣

«አባ፣ ይፍቱኝ» አለ። «ዘፋኝ ናት።»

«ማ?» አለች ጥሩወርቅ።

«ዳዊቱ ውስጥ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ጠርዟ እንዲተኛልኝ።»

አባ ካርዷን አንሥተው ገለበጡ። ጀርባዋ ላይ የትምባሆ ማስታወቂያ አለ። ጢማቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሳል ይሁን ሳቅ አልለየም።

«ላንተ በየጠዋቱ አርባ ስግደት» አሉ በመጨረሻ። «እሷን ሳሎን አስቀምጣት። እዚያ ብታንጎራጉር ማን ይከለክላታል።»

ጥሩወርቅ ሦስት ቀን ሙሉ ከካርዷ ፊቷን አዙራ አለፈች። በአራተኛው ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ፣ መኳንንት ከመኝታ ቤት ስግደቱን እየቆጠረ በበሩ ክፍተት አያት። ሳሎን መደርደሪያው ጋ ቆማ ግራ ቀኙን ቃኘችና ወደ ካርዷ ጠጋ አለች።

«እንግዲህ የሺፍቱን ነገር አደራ» አለቻት።

መኳንንት ሳቁን ሲውጥ ቁጥሩ ጠፋበት። ከአንድ ጀመረ።